የኮምቦልቻ ሙቀት፣ የደሴ ሌሊት፦ በአንድ የታኅሣሥ የብርድ ሰሞን የደረሰ የከሰል አደጋ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በደሴ ከተማ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ በሚገኝ አንድ የኪራይ ግቢ፣ በታኅሣሥ ወር አጋማሽ በአንድ ሌሊት ስለደረሰ አደጋ ነው። የአራት ወር ልጇን የምታጠባ እናት፣ ሕፃኑና የእናቲቱ ታናሽ እህት ተዘግታ ባደረች ክፍል ውስጥ በከሰል ታፍነው ለጥቂት ተርፈዋል። የባለጉዳዮቹን ማንነት ለመጠበቅ ሲባል ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውንና ዓመቱን ትቻለሁ። የቀረው ሁሉ ከራሳቸው፣ በሩን ካስከፈቱት ጎረቤትና ከተቀበላቸው የጤና ባለሙያ አንደበት የተሰበሰበ ነው።

ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደሚገድል ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ይህን ጉዳይ ለብቻው እንድጽፈው ያነሣሣኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሰሞን ብርዱ እንደሚበረታ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ ትንበያውም ልክ ነበር፤ ከከተማው ውጭ ላሉ ገበሬዎች በጊዜው ደርሶ እህል አትርፏል። ወደዚህች ክፍል የደረሰው ግን የሌላ ከተማ ቁጥር ሆኖ ነው። ብርድ ሲጠና ሰው በቤቱ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ፣ ያም ምን እንደሚያስከትል ደግሞ አንዲት ቃል አልያዘም ነበር።

ወቅቱና ትንበያው

በአገራችን የሜትሮሎጂ አከፋፈል በጋ የሚባለው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ሰሜን ምሥራቁና መካከለኛው የአገሪቱ ክፍል በአብዛኛው ከዐረቢያ ምድር በኩል በሚነፍስ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ሥር ይውላል። ደመናው ይበተናል፤ የአየሩ እርጥበት ይቀንሳል፤ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ጥርት ያለ ይሆናል። ብርዱን የሚያመጣውም ይኸው ጥራት ነው። ቀን የሞቀው መሬት ማታ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሲለቅ መልሶ የሚያስቀርለት ደመናም ሆነ እርጥበት ስለማያገኝ፣ ከምሽት ጀምሮ እስኪነጋ ድረስ ያለማቋረጥ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከሌሊቱ ሁሉ የሚከፋው ሰዓት እኩለ ሌሊት ሳይሆን ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ልትወጣ ጥቂት ሲቀራት ነው። ይህ ሰዓት በኋላ በሚተረከው ነገር ውስጥ ትልቅ ቦታ ስላለው አንባቢ እንዲይዘው እፈልጋለሁ።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበጋውን የአየር ጠባይ አዝማሚያ ወቅቱ ሲገባ ያወጣል። ትንበያው አንድ አካባቢ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የሆነ ዝናብና ሙቀት የማግኘት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል፤ ለዚህም ከሚታዩት ነገሮች አንዱ በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሁኔታ ነው። ውኃው ከመደበኛው ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም ላኒና በሚባለው ጊዜ፣ በጋው ይበልጥ ደረቅና ጥርት ያለ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል፤ ውኃው ከመደበኛው ሲሞቅ፣ ማለትም በኤልኒኖ ጊዜ ደግሞ ወቅቱን ያልጠበቀ ደመናና ዝናብ ሊመጣና የሌሊቱ ብርድ ሊለዝብ ይችላል። ከወቅቱ ትንበያ በኋላ የወር፣ የአሥር ቀንና የዕለት ትንበያዎች ይከተላሉ። የወቅቱ ትንበያ የትኛው ሌሊት እንደሚከፋ ሊነግረን አይችልም፤ ሥራው ቤተሰብም ሆነ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ እንዲዘጋጅ ማድረግ ነው። ሌሊቱን የሚለዩት የአሥር ቀኑና የዕለቱ መግለጫዎች ናቸው። በተግባር ግን ብዙ ሰው ሁለቱን አይለያቸውም፤ በጥቅምት «ዘንድሮ ብርዱ ይበረታል» የሚለውን ይሰማና ጥቅምት ሳይበርደው ካለፈ፣ ትንበያው የተሳሳተ መስሎት ታኅሣሥን ሳይዘጋጅ ይቀበለዋል።

ሁለቱ ከተሞች

ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ ከ25 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ርቀት ነው ያላቸው። በሚኒባስ ጠዋት ወርዶ ማታ የሚመለስ ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ገበያውም፣ ዘመዱም፣ ለቅሶውም የጋራ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በከፍታ ምክንያት ብቻ በሁለቱ መካከል 4 ዲግሪ የሚደርስ ልዩነት ይኖራል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ቁልቁል የወረደ ሰው ይህን ቁጥር ሳያውቀው ያውቀዋል፤ ደሴ ላይ የደረበውን ጃኬት ኮምቦልቻ ሳይገባ ያወልቀዋል።

በጥርት ሌሊት ግን ጉዳዩ በከፍታ ብቻ አያልቅም። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ ከተራራ ወደ ሸለቆ ይወርዳል፤ የጦሳና የዙሪያው ሸንተረሮች ብርድ ሌሊቱን በሙሉ ወደ ቦርከና ሸለቆ ይፈስሳል። ከተራራው ሥር ባሉ ዝቅ ያሉ ሰፈሮች የሚያድር ሰው ከፍ ብሎ ካለው ጎረቤቱ የበለጠ ሊበርደው የሚችለው በዚህ የተነሣ ነው። በዚያ ላይ ጦሳ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሚገኝ ከሥሩ ያሉ ግቢዎች ፀሐይ ቀድማ ትጠልቅባቸዋለች፤ መሬታቸው መቀዝቀዝ የሚጀምረው ከሌላው ሰፈር ቀድሞ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። በትንበያ የምንሰማው ዝቅተኛ የሙቀት መጠን የሚለካው ከመሬት 2 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ አየር እንደ ልብ በሚያስገባ ነጭ ሳጥን ውስጥ በተቀመጠ ቴርሞሜትር ነው። ነፋስ በሌለበት ጥርት ሌሊት መሬቱና ሣሩ ከዚያ ቁጥር ብዙ ዲግሪ ዝቅ ሊሉ ይችላሉ። መግለጫው ከዜሮ በላይ የሆነ ቁጥር እየተናገረ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ትንበያው ዋሽቶ አይደለም። መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ለሚተኛ ሰው ግን የሚመለከተው ቁጥር የመሬቱ ነው።

ክፍሏ

ግቢው አምስት ክፍሎች በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩበት፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ የተለመደ የኪራይ ቤት ነው። የጉዳዩ ባለቤቶች የሚኖሩበት የመጨረሻው ክፍል አንድ በርና አንዲት ትንሽ መስኮት አለው። ክፍሉን ራሴ ገብቼ አይቸዋለሁ፤ በአደጋው ውስጥ እያንዳንዱ ነገር የየራሱ ድርሻ ስለነበረው ጠጋ ብዬ ልግለጸው።

ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ነው። ቤተሰቡ በኅዳር ወር ብርዱ ሲጀምር የስፌቱን ክፍተቶች በላስቲክ ደፍኖታል፤ ቆርቆሮ ማታ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቅቆ ከውጩ አየር ይብስ ስለሚቀዘቅዝና ንጋት ላይ ከሥሩ ጠል እያቋጠረ በተኛው ሕፃን ላይ ይንጠባጠብ ስለነበር ይህን ማድረጋቸው ልክ ነበር። የመስኮቱ አንድ መስታወት ተሰብሮ ስለነበር በካርቶን ተሸፍኗል፤ ካርቶኑ ዙሪያውን በሊጥ ተለጥፏል። በበሩና በወለሉ መካከል ያለው ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት በተጠቀለለ ጆንያ ይዘጋል። በዚህ ዓይነት ያቺ ክፍል ከኅዳር ጀምሮ ብርድ የማያስገባ፣ በዚያው ልክም የተበከለ አየር የማያስወጣ ቤት ሆና ነበር።

ለምን ከሰል? መልሱ ቆጣሪው ላይ ነው። አምስቱ ክፍሎች የሚጠቀሙት በአንድ የአከራይ ቆጣሪ ስለሆነ፣ ተከራዮቹ ሲገቡ የኤሌክትሪክ ምድጃም ሆነ ማሞቂያ እንዳይጠቀሙ ተነግሯቸዋል፤ የተፈቀደው አምፖልና ስልክ መሙያ ነው። እንዲህ ያለ ውል በከተማችን እንግዳ አይደለም፤ አከራዩም ክፉ ሰው አይደለም፤ ገመዱ አርጅቷል፣ ሒሳቡም ሲመጣ ያጣላል። ውጤቱ ግን የማይቀር ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ ሕፃን ያለው ሰው ሙቀት የሚያገኝበት የተፈቀደ መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ማንደጃው ነው።

ሌሊቱ

አባወራው በኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ በዚያ ሳምንት የሌሊት ተረኛ ነበር። ወደ ሥራ ሲወርድ በሚኒባሱ ሬዲዮ የዕለቱን ትንበያ ሰምቷል። የሰማው የኮምቦልቻን ቁጥር ነበር፤ «ያን ያህል የሚያስፈራ ሆኖ አላገኘሁትም» ብሎኛል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ወደ ቤት ደወለ። ባለቤቱ የምታስታውሰው ይህን ነው፦

«ብርዱ ዛሬ ሌላ ነው፣ የልጁ እጅ አልሞቅ አለኝ» አለችው።

«እኛ ጋ ሹራብ ይበቃል እኮ፤ እናንተስ ጋ ምን ያህል ቢሆን ነው? ለማንኛውም ከሰሉን ነጭ እስኪሆን ውጭ አቆይተሽ አስገቢው። ጭሱ ካለቀ አይጎዳም።»

ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በከተማችን እንደ እውነት የሚነገር ነው። እናቲቱም ከእናቷ የሰማችው፣ ሁልጊዜም ስትሠራበት የኖረችው ነገር ነው። ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥላ፣ ጭሱ እስኪያልቅና ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠብቃ፣ አራት ሰዓት ሲሆን አስገባችው። ማንደጃውን ከልጁ አርቃ፣ ልብስ እንዳይነካው አስተካክላ፣ ከክፍሉ መሀል አኖረችው። እሳት እንዳይነሣ የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጋለች። በሩ ሥር ያለውን ጆንያም ጠቅጥቃ ዘጋችው።

ነጭ አመድ የለበሰ ፍም ጭስ የለውም፤ ሽታም የለውም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ግን እየለቀቀ ያድራል፤ የክፍሉ አየር እየተሟጠጠ ሲሄድና አመዱ ፍሙን እየሸፈነው ሲመጣ መቃጠሉ የተሟላ ስለማይሆን ጋዙ ይብሳል። ጋዙ ቀለምም ሆነ ሽታ የለውም። ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ክፍሉን ከወለል እስከ ኮርኒስ እኩል ይሞላዋል፤ አልጋ ላይ መተኛትም ሆነ መሬት ላይ መተኛት አያድንም። በደም ውስጥ ኦክስጅንን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በረታ አድርጎ ይጣበቃል። ሰውየው እየተነፈሰ ነው፤ ደሙ ግን ኦክስጅን መሸከም አቅቶታል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ለተኛ ሰው ግን እነዚህ ምልክቶች በእንቅልፍ ውስጥ ያልፋሉ፤ ሲነቃ ጉልበቱ ከድቶታል።

ታናሽ እህትየዋ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ነበር የተኛችው። ጆንያው በእርሷ በኩል ትንሽ ላላ ብሎ ስለነበር ከሥሩ የምትገባ ቀጭን ነፋስ እግሯን ስታቀዘቅዘው እንዳደረች ትናገራለች፤ በዚያ ሌሊት ስትጠላው ያደረችው ያ ነፋስ ሳይሆን አይቀርም ቀድማ እንድትነቃ ያደረጋት። የነቃችው ጭንቅላቷ ሊፈነዳ ደርሶ ነው። «እትዬ፣ እትዬ» ብላ ጠራች፤ መልስ አላገኘችም። ልትነሣ ስትሞክር ጉልበቷ አልታዘዝ አለ። እጇን ስትዘረጋ የቆርቆሮ ባልዲ አገኘች፤ እሱን ገፍታ ጣለችው። ሌላ ያደረገችውን አታስታውስም።

ጎረቤቲቱ፣ ልጆቹ ሁሉ እማማ የሚሏቸው አዛውንት፣ ለሱብሒ ሶላት ተነሥተው ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ቧንቧው ወጥተው ነበር። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በግቢው ጥግ ያለው ጎመን ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ይታይ እንደነበር ያስታውሳሉ። የባልዲውን ድምፅ ሰሙ፤ ከዚያ ዝም አለ። «ድምፁ ሳይሆን ዝምታው ነው ያስደነገጠኝ፤ ባልዲ የጣለ ሰው እኮ አንድ ነገር ይላል» ነው ያሉኝ። በሩን መቱ፤ የሚመልስ ሲያጡ ጮኸው ከጎን ያለውን ወጣት ቀሰቀሱት፤ እሱም በትከሻው ገፍቶ ከፈተው። «ያ ረቢ! ልጆቼ!» ብለው እማማ መጀመሪያ ያነሡት ሕፃኑን ነው። ወጣቱ ሁለቱን ሴቶች እየጎተተ በረንዳ ላይ አወጣ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች በጎ ሆኑ። አንደኛው፣ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት ትክክለኛው እርምጃ ቢሆንም ውጩ በዚያ ሰዓት ከሌሊቱ ሁሉ የበረደበት ነበር። የአራት ወር ሕፃን ለብርድ ከተጋለጠ የሰውነቱ ሙቀት ቶሎ ይወርዳል፤ ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ ያ ራሱ ሌላ አደጋ ነው። እማማ ሕፃኑን ከነጠላቸው ሥር፣ ከደረታቸው ጋር ለጥፈው በላዩ ላይ ጋቢ ደረቡበት፤ የሕክምና ባለሙያዎች ለቀዘቀዘ ሕፃን የሚመክሩት ገላን ከገላ ማገናኘት ይኸው ነው። ሁለተኛው፣ ከተሰበሰቡት አንዱ ወተት አምጥቶ በእናቲቱ አፍ ሊያፈስ ሲል ወጣቱ ከለከለው። ራሱን ባልሳተ ሰው እንኳ ወተት ይህን ጋዝ አያረክስም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ወደ ሳንባ ገብቶ ሊያንቀው ይችላል።

ሕክምናው

በባጃጅ ወደ ሕክምና ተወሰዱ። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በእናቲቱ ላይ ጤናማ የሚመስል ቁጥር አሳየ። ይህ መሣሪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከያዘው መለየት አይችልም፤ ስለዚህ በዚህ ዓይነት አደጋ ላይ ቁጥሩን ያመነ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ባለሙያው ቁጥሩን ወደ ጎን ትቶ የጠየቀው «የት ነው ያደሩት? ከሰል ነበር?» ብሎ ነው። ወዲያው ሦስቱም በማስክ ኦክስጅን እንዲያገኙ ተደረገ። ይህ ጋዝ በተራ አየር የሚተነፍስ ሰው ደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ቢበዛ ነው። ኦክስጅን ያለበት ቦታ ቶሎ መድረስ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

እህትየዋና ሕፃኑ በዚያው ቀን ተሻላቸው። እናቲቱ አድራ ወጣች። ሆኖም ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ ነገር መርሳት፣ ድንገት መናደድና እርምጃ መሳት ጀመራት። ቤተሰቡ ከድንጋጤው የመጣ መስሎት ነበር፤ ጸበልም ወሰዷት። በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍነው ከዳኑ ሰዎች መካከል በአንዳንዶቹ ላይ ከቀናት እስከ ሳምንታት ቆይቶ እንዲህ ያለ የአንጎል ችግር ሊታይ እንደሚችል በሕክምናው የታወቀ ነው። ዳግም ሐኪም ዘንድ ሄዳ ክትትል ተደረገላት፤ በሂደት እየተሻላት መጣ። ይህን ያነሣሁት ከሆስፒታል ሲወጡ ለቤተሰቡ በግልጽ ሊነገር የሚገባው ነገር መሆኑን ስለማምን ነው፤ ሳይነገር ሲቀር ሴትዮዋ እንደ ታማሚ ሳይሆን እንደ ተቀየረ ሰው ነው የምትታየው።

መልእክቱ የት ቀረ?

የእማማ ወንድም በኩታበር በኩል የሚያርስ ገበሬ ነው። በዚያው ሰሞን ዘግይቶ የተዘራ ባቄላና ምስር ነበረው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ የአሥር ቀኑን ትንበያ ይዞ መጥቶ ውርጭ እንደሚጠበቅ፣ የደረሰው እንዲሰበሰብ፣ የችግኝ መደብ ያለው በሣር እንዲሸፍን ነግሯቸዋል። ወንድማቸው ምስሩን ከውርጩ በፊት ሰብስቧል። በዚህ መስመር ላይ ሁሉም ነገር ሠርቷል፤ ቦታው ተለይቷል፣ ጊዜው ተለይቷል፣ መደረግ ያለበት ነገርም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሯል፣ የሚነግረውም ሰው የሚታወቅ ነው።

ወደ ከተማው የመጣው መልእክት ከእነዚህ አንዱንም አልያዘም። በሬዲዮ የተሰማው ቁጥር የኮምቦልቻ ነበር፤ ሰሚው በደሴ ቤተሰብ ያለው ሰው ቢሆንም ልዩነቱን ራሱ እንዲያሰላ ተትቶለታል። ቁጥሩ የትኛውን ሰዓት እንደሚመለከት አልተባለም፤ አባወራው ግን ያነጻጸረው በምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሚሰማው ብርድ ጋር ነው። ምክሩም ቢሆን «በቂ ልብስ መልበስ» ከሚለው አላለፈም። ልብስ ያላቸውማ ለብሰዋል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ በደጋ ከተሞች የብርድ ማስጠንቀቂያና የከሰል ማስጠንቀቂያ ተለያይተው መነገር የለባቸውም። ማንደጃው ወደ ቤት የሚገባው ብርዱ ሲጠና ነው፤ በሩ የሚዘጋውም ያኔ ነው። ትንበያ «ሌሊቱ ይበርዳል» ባለ ቁጥር፣ በብዙ ሺህ ቤቶች ውስጥ ሳያውቀው «ከሰል አስገቡ» እያለ ነው። ይህን አደጋ ሊያስጠነቅቅ የሚችለው በትክክለኛው ቀን የሚናገረው ራሱ ትንበያው ብቻ ነው፤ የጤና ትምህርት በራሱ ፕሮግራም ይሰጣል፣ ብርዱ ግን የራሱ ቀን አለው። አንድ ባለሙያ ሲሞግተኝ፣ የሜትሮሎጂ ሥራ አየሩን መናገር እንጂ ስለ ቤት አያያዝ መምከር አይደለም ብሎኛል። ለገበሬው ግን ስለ ምስሩ ይመክራል፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ከተሜው ከዚህ ያነሰ የሚገባው አይመስለኝም።

ከሰል ክልክል ነው ብሎ ማቆምም አያዋጣም፤ ሕፃኗ የበረደባት እናት ሌላ መንገድ ካላየች ትእዛዙን አትሰማም። በዚያ ግቢ ውስጥ አሁን የሚሠሩበትን ልጥቀስ። ማንደጃው ማታ ለእራትና ለቡና በረንዳ ላይ ይያያዛል፤ በዚያው ፍም ውኃ ይፈላል። ውኃው ትንሽ በረድ ሲልለት ክዳኑ በሚገጥም የሃይላንድ ፕላስቲክ ይሞላና በጨርቅ ተጠቅልሎ ከመተኛታቸው በፊት አልጋው ውስጥ ይቀመጣል፤ ሕፃኑ ሲገባ ከገላው ይርቃል፣ ቃጠሎ እንዳያመጣ። ፍራሹ ሥር ካርቶንና ሰሌን ተነጥፏል፤ ከታች የሚመጣው ብርድ ከላይ ከሚመጣው ይብሳልና። ሕፃኑ ኮፍያ አድርጎ ከእናቱ ደረት ጋር ያድራል። ጆንያው ከበሩ ሥር ተነሥቷል፤ በመስኮቱ ካርቶን ላይም ከላይ በኩል መዳፍ የሚያህል ክፍተት ተትቷል። ሌሊቱን ቅዝቃዜው አይጠፋም፤ ግን ይታደርበታል።

ከዚያ ወዲህ

መልእክቱን ወደ ሰፈሩ ያደረሰው ቅሬው ነው። ለቀብር የሚሰበሰበው የሰፈሩ ቅሬ በወሩ ስብሰባ እህትየዋን አስቀርቦ የሆነውን ሁሉ አስነገራት፤ ከዚያም አንድ ነገር ተወሰነ። የብርድ ትንበያ በተነገረ ቀን፣ በስልክ የአሥር ቀኑን መግለጫ የሚከታተል አንድ ወጣት ለቅሬው ዳኛ ይነግራል፤ ዳኛውም ከመግሪብ በፊት በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ፣ እሑድ ከሆነ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ዐውደ ምሕረት እንዲነገር ያደርጋል። የሚነገረው ቃል አጭር ነው፤ «ዛሬ ሌሊት እስከ ንጋት ብርዱ ይጠናል፤ ከሰል ቢጋምም ጭሱ ቢያልቅም ይገድላል፤ ማንደጃ ውጭ ይደር፤ ራሱን ያመመው፣ ያዞረው፣ ያቅለሸለሸው ካለ ሁሉም ከቤት ይውጣ፤ በጋቢ ተሸፍኖ ወደ ሕክምና ይሂድ» የሚል ነው። ቁጥር የለበትም። በዲግሪ የሚነገር ነገር በዚያ ሰፈር ሰሚ እንደሌለው ሁሉም ተስማምተውበታል።

አባወራው አሁንም በኮምቦልቻ ይሠራል። ሌሊት ተረኛ ሲሆን ከመውረዱ በፊት የሚያየው የደሴን ቁጥር ነው፤ የኮምቦልቻውን ከሰማም አራት ዲግሪ ቀንሶ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ ከዚያም በላይ ቀንሶ ያስባል። የሚደውለውም ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ሱብሒ ሲሰማ ደግሞ ይደውላል።

የቆጣሪው ነገር ግን አልተፈታም። ተከራዮቹ ገንዘብ አዋጥተው ገመዱን ለማሳደስና ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ለማስገባት ለአከራዩ ጥያቄ አቅርበዋል፤ አከራዩ ወጪው ከኪራይ ላይ እንዳይቆረጥ ከተስማሙ እንደሚፈቅዱ ተናግረዋል። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ከአምስቱ ክፍሎች ሦስቱ ተስማምተው፣ የቀሩት ሁለቱ ገንዘቡን ለማግኘት እስከሚቀጥለው ደመወዝ ጊዜ ጠይቀው ነበር።